«በር መልስ፤ ጭድ እሰር»፦ አባቴ ምን ማለቱ ነው?

ፎቶኮፒ_ፒያሳ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጎንደር ፒያሳ ላይ አንዲት ጠባብ የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ሳምንት ቤቱን ለማስቀባት ዕቃ ስናወጣ፣ ከአልጋው ሥር ካለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በስቴንስል የተባዛ 40 ገጽ ገደማ ወረቀት አገኘሁ። የፊቱ ገጽ የለም፣ ጠርዙን አይጥ በልቶታል። የሚያወራው ስለ ቻይና አብዮት ነው። ከ«አድሃሪ» ወደ «ሰፊው ሕዝብ»፣ ከ«ሰፊው ሕዝብ» ወደ «ከፊል ፊውዳል ከፊል ቅኝ ተገዥ» ስለሚዘል ሁለት ገጽ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይጥለኛል።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ገጽ 17 ላይ፣ ከጽሑፉ ጎን፣ አባቴ በራሱ እጅ በሰማያዊ እስክሪብቶ «በር መልስ፤ ጭድ እሰር» ብሎ ጽፎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው። አባቴ ስለ ወጣትነቱ አውርቶን አያውቅም። ስንጠይቀው «ተው እስቲ፣ ቡናው ይፍላ» ይል ነበር፤ ቡናው ይፈላል፣ ወሬው ይቀራል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይቺ የበርና የጭድ ነገር ምንድን ናት? ሁለተኛ፣ ወረቀቱ 13 ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ፓርቲ አቋቋሙ ይላል። ከ28 ዓመት በኋላ ያን ሁሉ አገር ይገዛሉ። በመሀል ምን ሆነ? እባካችሁ በሰው ቋንቋ የሚነግረኝ።

ማራኪ_ግቢ_3ኛ_ዓመት

ወንድሜ ባጭሩ ልስጥህ፣ ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ በ1921 ሻንጋይ ላይ ተመሠረተ። በ1924 ኩሚንታንግ ከሚባለው የብሔርተኞች ፓርቲ ጋር ግንባር ፈጠሩ፣ በ1927 የኩሚንታንጉ መሪ ቺያንግ ካይ ሼክ ዞረባቸው፣ ከ1934 እስከ 1935 ረጅሙ ጉዞ፣ በ1937 ጃፓን በሙሉ ኃይሏ ወረረች፣ በ1945 ተሸነፈች፣ በ1946 የእርስ በርስ ጦርነቱ ቀጠለ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1949 ማኦ ቤጂንግ ላይ ሪፐብሊኩን አወጀ። ቺያንግ ታይዋን ገባ።

ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ጃፓንና ሶቪየት። ጃፓን የቺያንግን ጦር አደቀቀችላቸው። ኦገስት 1945 የሶቪየት ጦር ማንቹሪያ (የቻይና ሰሜን ምሥራቅ) ገብቶ የጃፓን መሣሪያ በእጃቸው እንዲወድቅ ባያደርግ ኖሮ ዛሬ ማኦን የሚያስታውሰው አይኖርም ነበር።

የበሩን ነገር አላውቅም። አባትህ ጎንደሬ አይደሉ? ቅኔ ይሆናላ።

ጡረተኛ_አዘዞ

ቅኔ አይደለም ልጄ። የወታደር ደንብ ነው።

አንተ ፎቶኮፒ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እኔ አዘዞ የምኖር ጡረተኛ ነኝ፤ ከ30 ዓመት በላይ ታሪክ አስተምሬያለሁ። በአንድ ጣት ስለምጽፍ ታገሡኝ።

በደቡብ ቻይና ያኔ የገበሬው በር እንደኛ በማጠፊያ የተያዘ አልነበረም። ሳንቃው ከመቃኑ ተነሥቶ ይወጣል። ወታደር ሲያድር ሳንቃውን አውልቆ መሬት ላይ ያጋድመዋል፣ ጭድ ይጎዘጉዝበታል፣ ይተኛል። ጠዋት ጥሩምባ ሲነፋ ብድግ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ገበሬው በር የሌለው ቤት ይዞ ይቀራል፤ ሳንቃው ቢገኝም ከጎረቤት ሳንቃ ጋር ተደባልቆ የማን እንደሆነ አይለይም። በ1928 ማኦ ሴቱንግ ለቀይ ጦር ካወጣቸው ደንቦች ሁለቱ እንግዲህ እነዚህ ናቸው፦ ያወለቅኸውን ሳንቃ መልሰህ ግጠም፣ የጎዘጎዝኸውን ጭድ ሰብስበህ እሰር። ሌሎቹም ያው የቤት ነገር ናቸው፤ በደግ አንደበት ተናገር፣ የገዛኸውን ክፈል፣ የተዋስኸውን መልስ፣ ያበላሸኸውን ካስ። መጀመሪያ ላይ «ከገበሬው አንዲት ስኳር ድንች አትውሰድ» የሚልም ነበር፤ ስኳር ድንቿ ኋላ «መርፌና ክር» ሆነች።

ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንዳስፈለጋቸው ለማወቅ ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ መሄድ አለብን። ልጃችን ከማራኪ ዓመቶቹን በትክክል ደርድሮልሃል። በዓመቶቹ መካከል ያለው ግን ሽንፈት ነው፤ በላይ በላዩ ሽንፈት።

በ1921 ሻንጋይ፣ ፈረንሳዮች በሚያስተዳድሩት ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው የተሰበሰቡት። በመላ አገሪቱ ያላቸው አባል 50 ቢሆን ነው። ማኦ ከሁናን የመጣ የ27 ዓመት ልጅ ነበር፣ ማንም ልብ ብሎ ያየው የለም። በዋና ጸሐፊነት የመረጡት ቼን ዱሺዩ ጭራሽ ስብሰባው ላይ አልነበረም። በመሀል አንድ የማይታወቅ ሰው ብቅ አለና ቤት ተሳስቼ ነው ብሎ ሄደ። ሰላይ ነው ብለው ተበተኑ። ስብሰባውን የጨረሱት ጂያሺንግ በሚባል ከተማ ሐይቅ ላይ፣ ለሽርሽር የመጡ መስለው ጀልባ ተከራይተው ነው። እኔ ተማሪዎቼን ጎርጎራ ስወስድ ጣና ላይ ጀልባ ባየሁ ቁጥር ይህን እነግራቸው ነበር። ከ13ቱ ውስጥ በ1949 ቲያንአንመን ሰገነት ላይ የቆሙት ማኦና ዶንግ ቢዉ ብቻ ናቸው። የቀሩት የሞተው ሞቶ፣ የተገደለው ተገድሎ፣ የከዳው ከድቶ ነበር፤ ጃፓን ላቋቋመችው መንግሥት ያደሩም አሉባቸው።

ስድስት ዓመት ያህል በከተማ ሠሩ፤ ፋብሪካ፣ ወደብ፣ ባቡር። ሞስኮ ከኩሚንታንግ አትለዩ እያለች ትመክር ነበር። ማርች 1927 የሻንጋይ ሠራተኞች አምፀው ከተማዋን ለቺያንግ ጦር ከፈቱለት። ኤፕሪል 12 ሊነጋጋ ሲል የከተማው ወሮበሎች የሠራተኛ ክንድ ማሠሪያ አሥረው ማኅበራቱ ላይ ወረዱ፣ ወታደሩ ተከተላቸው፣ ሲገድሉ ዋሉ። በር የከፈቱለትን ሰዎች ማለት ነው። ወደ 58 ሺህ ደርሶ የነበረው አባል ዓመቱ ሳያልቅ 10 ሺህ ያህል ቀረ።

ከዚያ ከተማ መያዝ ሞከሩ። ናንቻንግ፣ ኦገስት 1፤ ለጥቂት ቀን ይዘው ተባረሩ። ካንቶን፣ ዲሴምበር፤ ሦስት ቀን። ማኦም በሁናን አመፅ ሞክሮ አልሆነለትም፤ አንድ ሺህ የማይሞላ ሰው ይዞ ጂንጋንግ የሚባል ተራራ ገባ። ይሄ ለኛ ለጎንደሬዎች ትርጉም አያስፈልገውም፤ ቤተ መንግሥት ያልተመቸው ካሳ ቋራ በረሃ ነው የወረደው። ተራራው ላይ የተቀበሏቸውም ሁለት የሽፍታ አለቆች ነበሩ፣ ዩዋን ዌንሳይና ዋንግ ዙዎ። በ1930 ኮሚኒስቶቹ ራሳቸው ገደሏቸው። እንግዳ ተቀባይነት እንዲህ ተከፈለ፤ ይህንንም አብረህ ያዝ።

እንግዲህ የሳንቃው ደንብ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ተራራ ላይ ያለ ጥቂት ሰው ገበሬው ከጠቆመበት አንድ ሌሊት አያድርም። ገበሬው ወታደር የሚባል ሁሉ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በየአውራጃው ያለ የጦር አለቃ ሲመላለስበት ኖሯል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊያሳዩት የሚገባው ነገር በሩን ይዘውበት እንዳልሄዱ ነው። መሬት ማከፋፈሉ ቀጥሎ መጣ፤ በ1931 በጂያንግሺ ሩይጂን የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ።

እሱም አልጸና። ቺያንግ አምስት ጊዜ ከበባቸው። በአምስተኛው ቸኩሎ መግባቱን ትቶ ዙሪያውን ምሽግ በምሽግ እየሠራ ቀስ ብሎ አጠበባቸው። ኦክቶበር 1934 ወደ 86 ሺህ ሆነው ከበባውን ጥሰው ወጡ፤ ረጅሙ ጉዞ የሚባለው ይሄ ነው። በጃንዋሪ 1935 ዙንዪ ላይ ተሰብስበው ለሽንፈቱ ተጠያቂ ያሏቸውን መሪዎች አወረዱ፤ ማኦ መሪነቱን መጨበጥ የጀመረው ከዚያ ነው። ከወጡ ከዓመት በኋላ ሰሜን ሻንሺ ከማኦ ጋር የደረሰው 8 ሺህ አይሞላም። የደረሱት ኦክቶበር 1935 ነው፤ በዚያው ወር እኮ ጣልያን መረብን ተሻግሮ ገባብን። የኛ አያቶች ጋሻና ጎራዴ ሲያነሡ እነሱ ቢጫ አፈር ዋሻ ውስጥ ቁስላቸውን ያጥቡ ነበር።

በ1936 ሺአን ከተማ አጠገብ የሆነውን ሳልነግርህ ባልፍ ቅር ይለኛል። የገዛ ጄኔራሎቹ፣ ዣንግ ሹዌልያንግና ያንግ ሁቼንግ፣ ቺያንግን በዲሴምበር 12 ሌሊት ያዙት። ያረፈው የድሮ ነገሥታት መታጠቢያ የነበረ ፍልውኃ ነው፤ የኛን የፋሲል መዋኛ አስብ። ተኩስ ሲሰማ በሌሊት ልብሱ በመስኮት ዘሎ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ትቶ፣ ከኋላ ያለውን ተራራ ወጣ። ከድንጋይ ሥር አገኙት። እርስ በርስ መዋጋቱን ትተህ ጃፓንን ተዋጋ አሉት፣ እሺ ብሎ ተለቀቀ። ዣንግ ሹዌልያንግ ግን አብሮት ሄዶ ከ50 ዓመት በላይ በቁም እስር ኖረ፣ ሞቱ በ2001 ሃዋይ ላይ ነው። ማኦ ከዚያች ሌሊት በኋላ መተንፈሻ አገኘ። ስለዚህ ጃፓን ያልከው፣ ልጄ ማራኪ፣ እውነት ነው። ግን በጃፓን ወረራ ጊዜ በየገጠሩ የገባው ማን ነው? ቺያንግ ቾንግቺንግ በሚባል ከተማ፣ ተራራ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እነሱ ከጃፓን መስመር ጀርባ ካለው ገበሬ ጋር ያድሩ ነበር፤ መሬት መውረሱን ለጊዜው ትተው የመሬት ኪራይ አስቀንሰውለት።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፣ ምክንያቱም የአባትህን ሁለት መስመር ሳይ ሌላ ሰው የጻፈው አልመሰለኝም።

በ1970 ዓ.ም. (በኛው) የ21 ዓመት ልጅ ነበርሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። እኛም ያቺን ደንብ በቃላችን ይዘናት ነበር፣ እንዲህ ባለ ስቴንስል ወረቀት። በለሳ ቆላ፣ አንድ ቤት ሦስት ሌሊት አደርን፤ ስምንት ነን። በራቸው ከመቃኑ የሚነቀል አይደለም፣ ጭድም አልጎዘጎዝን፣ መደብ ላይ ተኛን። ደንቡን የጠበቅን መሰለን። በሦስተኛው ማታ የሚበላ ጠፋ። ሴትዮዋ ምንም ሳትናገር ተነሥታ ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ ላይ የተንጠለጠለውን የማሽላ ዛላ አወረደች። ስድስት ሰባት ቢሆን ነው። ጥላሸቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ፈለፈለች፣ ፈጨች፣ ቂጣ ጋገረችልን። ባልየው አልበላም። የሚጾም መስሎኝ ነበር።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ጭስ ላይ የሚሰቀል ማሽላ ነቀዝ እንዳይነካው የተቀመጠ ዘር መሆኑን የነገረኝ ከወር በኋላ አንድ የገበሬ ልጅ ነው። የበላነው የከርሞ እርሻቸውን ነበር። የቻይናው ደንብ ሳንቃ ይላል እንጂ ጭስ ላይ ስላለ ማሽላ ምንም አይልም።

ዳባት_77

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሰዎቹን ጻድቅ እንዳያደርጓቸው። ሳንቃ መላሾቹ በ1930 ፉትያን ላይ የገዛ ጓዶቻቸውን «ኤ-ቢ ቡድን» የሚባል ሰርጎ ገብ ናችሁ ብለው እያሰቃዩ አናዘዙ፤ አንዱ የሌላውን ስም እየጠራ ዘመቻው በሺህ የሚቆጠር የራሳቸውን ሰው በላ። በ1948 ደግሞ ቻንግቹን ከተማን አምስት ወር ከበቡ። ሲቪሉ ልውጣ ሲል የከበበው ጦር መለሰው፣ ከውስጥ ያለውም ጦር ተመልሶ እንዳይገባ ከለከለው፣ በሁለቱ መስመር መሀል ሜዳ ላይ ቀረ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው በረሃብ አለቀ። ያን ጊዜ መርፌና ክሩ የት ነበር?

ጡረተኛ_አዘዞ

አንተ ዳባት፣ የምመልስልህ የለኝም። ሁሉም ሆኗል። መሬት ሲያከፋፍሉም በየመንደሩ ባለመሬቱን አደባባይ አውጥተው ያስደበድቡ፣ ያስገድሉ ነበር፤ የተደበደበው ሁሉም ትልቅ ባለመሬት አልነበረም። እኔ እንዴት አሸነፉ ለተባለው ነው የመለስሁት። ደግ ነበሩ ወይ ብትለኝ መልሴ ሌላ ነው።

እህል_በረንዳ

እኔ ቅዳሜ ገበያ እህል የምነግድ ሴት ነኝ፣ ፖለቲካ አላውቅም። ቻይና ሲባል እኔ የማውቀው ከወረታ ወልዲያ የሠሩትን መንገድ ነው። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሣም። የዚያ የቺያንግ ሰውዬ ብር እንዴት ነበር? መንግሥት መውደቁ የሚታወቀው መጀመሪያ እኛ ዘንድ ነው። ጠዋት የተናገርሁትን ዋጋ ከሰዓት ስደግም እኔ ራሴ አፍራለሁ።

ማራኪ_ግቢ_3ኛ_ዓመት

እትዬ፣ ይሄን ጥያቄ ፈተና ላይ አግኝቼዋለሁ፣ አግኝቼውም ሳልመልሰው ወጣሁ፤ አሁን አነበብኩት። ቺያንግ ለጦርነቱ ወጪ ዝም ብሎ ብር ያትም ነበር። ኦገስት 1948 አሮጌውን ብር ሰረዘና «የወርቅ ዩዋን» የሚባል አወጣ፤ 3 ሚሊዮኑ አሮጌ በአንድ አዲስ። ሰው ያለውን ወርቅ፣ ብርና ዶላር አስረክቦ ወረቀት እንዲይዝ ታዘዘ፣ ዋጋ እንዳይጨምር ተከለከለ። ሻንጋይ ላይ ይህን እንዲያስፈጽም የተላከው የቺያንግ ልጅ ነው፤ ነጋዴ እያሰረ ጥቂት ሳምንት አስከበረው። ሱቁ ባዶ ሆነ፣ ሩዝ ያለው ደበቀው። ኖቬምበር ላይ ክልከላው ተነሣና ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ቀረ። አዋጁን አምኖ ወርቁን ያስረከበው የከተማው መካከለኛ ሰው ነበር፤ እሱ ነው ባዶ እጁን የቀረው።

ጋሼ፣ የማሽላውን አንብቤ ለሰዓት ያህል ምንም አልጻፍኩም። ግን ማንቹሪያን አልለቅም። ያለ ጃፓን መድፍ የኮሚኒስቶቹ ጄኔራል ሊን ቢያዎ ሰሜን ምሥራቁን ሊይዝ አይችልም ነበር።

እህል_በረንዳ

አየህ፣ ነጋዴ ሲታሰር እህል ይደበቃል። ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። በርታ ልጄ፣ ዳግም ተፈተን።

ጡረተኛ_አዘዞ

ማንቹሪያን አትልቀቅ፣ ልክ ነህ። ግን የአሜሪካ መርከብና አውሮፕላን የቺያንግን ጦር በመቶ ሺህ እየጫነ ወደ ሰሜን እንዳደረሰለትም ጨምርበት። መሣሪያና ሰው በመጀመሪያ ለእሱ ይበልጥ ነበር፤ ማርች 1947 ዋና መቀመጫቸውን ያንአንን ራሷን ያዘባቸው።

አንድ ነገር ላክልና ልተኛ፣ ዓይኔ ደክሟል። ከኖቬምበር 1948 እስከ ጃንዋሪ 1949 የተደረገ የሁዋይሃይ ጦርነት አለ፣ ከቺያንግ ወገን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወታደር የጠፋበት። ቻይናዎቹ ከ5 ሚሊዮን በላይ ገበሬ ስንቅና ጥይት አመላለሰ ይላሉ። በምን? በባለ አንድ ጎማ የእንጨት ጋሪ። አንዱ ከኋላ እጀታውን ይዞ ይገፋል፣ ሌላው ከፊት በገመድ ይጎትታል፣ ጭቃና ውርጭ ነው። ያ ገበሬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መሬት ደርሶታል። ቺያንግ ከተመለሰ ባለመሬቱ አብሮ እንደሚመለስ ያውቃል። ስለዚህ የሚገፋው የራሱን ማሳ ነው። በግድ የተሰለፈም አለበት፣ ዳባት ሳይለኝ ልበል። የቺያንግ ሠራዊት ግን መኪና ነበረው፣ አውሮፕላን ነበረው፣ በበረዶ ተከቦ ፈረሱን አርዶ በላ።

ፎቶኮፒ_ፒያሳ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን እንዳነበብኩ ሱቁን ዘግቼ ቤት ሄድኩ። ከወረቀቱ የመጨረሻ ገጽ ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር ነበር፣ የቤት ወጪ መስሎኝ አልፌው ነበር። ግማሽ ቁና ማሽላ ይላል። ሁለት ጣሳ ሽምብራ። አንድ ዶሮ። አንድ ቅል ማር። ሌላ ሁለትም አለ፣ እርሳሱ ደብዝዟል። በእያንዳንዱ ፊት የሰው ስም አለ፣ እናቴን ብጠይቃት ከዘመድ ማንንም አታውቅም። እህቴ ግን አንድ ነገር አስታወሰች፦ ልጆች ሆነን አባቴ አንድ ክረምት ኩንታል እህል አስጭኖ ሄዶ ከሳምንት በኋላ ባዶ እጁን፣ እግሩ በአሜኬላ ተበልቶ ተመልሷል፤ እናቴም ስትቆጣው ትዝ ይላታል።

ከስድስቱ ሁለቱ ላይ መስመር ተሰርዞ፣ ጎናቸው «ደርሷል» የሚል አለ። ይሄኛው በእርሳስ አይደለም፣ በዚያው ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው።

ጡረተኛ_አዘዞ

የቀሩት አራቱ፣ ስማቸው ከነጎጣቸው ነው የተጻፈው?